እናቴን ባሕር ያሳየንበት ጉዞና ተከትሎን የመጣው ንዳድ

ይህን የምጽፈው እንደ እኛ ደጋ ላይ ተወልደው፣ ደጋ ላይ አድገው፣ አንድ ቀን ሞቃታማ የባሕር ዳርቻ ለማየት ለሚነሡ ሰዎች ነው። የደብረ ብርሃን፣ የአንኮበር፣ የመንዝ ወይም የጣርማበር ሰው ከሆናችሁ ደግሞ በተለይ ለእናንተ ነው። ጉዟችን ያማረ ነበር። ከተመለስን በኋላ ግን እናቴ ከእጃችን ልታመልጥ ነበር። ያመማት ወባ ነው፤ የቀድሞ ሰዎች ንዳድ የሚሉት፤ ገና ሲጀምር ቢታወቅ በሦስት ቀን ኪኒን የሚድን ነው። ስለዚህ የሆቴሉን ቁርስና የመንገዱን ዝርዝር ትቼ ለእናንተ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ።

እናቴ ስልሳን ተሻግራለች። አንኮበር አጠገብ ተወልዳ፣ ደብረ ብርሃን ተድራ፣ ልጆቿን ሁሉ እዚያው ያሳደገች ሴት ናት። ባሕርን የምታውቀው በቤተ ክርስቲያን ከሚነበበው ነው፤ ሙሴ የከፈለውን፣ ዮናስ የተጣለበትን፣ ጴጥሮስ ረግጦት የሄደውን። «አንድ ቀን በዓይኔ ባየው» እያለች ዓመታት አለፉ። ናይሮቢ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ይህን ምኞቷን ያውቅ ነበርና ባለፈው ዓመት ደውሎ «እማዬ፣ ጥምቀትን አክብሪና ነይ፤ ባሕሩን እኔ አሳይሻለሁ» አላት። እኔ ከእሷ ጋር ልጓዝ፣ እሱ ደግሞ ሞምባሳ ሊቀበለን ተስማማን።

የመረጥነው ማሊንዲን ነው። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና የሚሄዱባት፣ በነጭ አሸዋዋ የታወቀች የኬንያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ወቅቱን በደንብ መርጠን ነበር፤ ይህን እናንተም አትናቁት። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ዝናቡ ጥቂት ነው፤ የአገሩ ሰዎች ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ባሕሩም ይጠራል። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ግን ትልቁ ዝናብ ይመጣል። ያን ጊዜ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ወደ ባሕር የሚገባው የሳባኪ ወንዝ አፈር ተሸክሞ ይወርድና የማሊንዲን ዳርቻ ቡናማ ያደርገዋል። በዚያ ወቅት ርካሽ ክፍል አግኝተው የሄዱ ሰዎች በፎቶ ያዩትን ሰማያዊ ውኃ ሳያገኙ ይመለሳሉ።

ከመነሣታችን በፊት የሚያስፈልገውን ሁሉ ያሟላን መስሎን ነበር። ኬንያ ከኢትዮጵያ የሚሄድን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ካርዱ አይጸናም። አንድ ጊዜ የተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዕድሜው 60 የሞላ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከወጣቶቹ ስለሚበዛ፣ ያለበትን በሽታና የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪም ሳይናገር መርፌውን እንዳይወጋ። እናቴን የከተባት ባለሙያ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ጠይቆ፣ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው የወጋት።

ቢጫዋን ካርድ ይዘን ስንወጣ ወንድሜ በስልክ «እንግዲህ ወባም አያሰጋችሁም» አለን። እኛም እፎይ አልን። የመከራችን ሥር እዚህች ላይ ናት። ቢጫ ወባና ወባ በስም ቢቀራረቡም ዝምድና የላቸውም። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ፣ የቀን ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። ወባን የምታመጣው ሌላ ትንኝ ናት፤ የምትነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባትም አያግዳትም። ወባን ለመከላከል መንገደኛ የሚወስደው ኪኒን አለ፤ በጉዞው ሁሉ ይዋጣል፤ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል። ከተከተቡ ወዳጆቼ ስንቱ «ተከትቤያለሁ፣ ወባ አይነካኝም» እንደሚል ከዚያ በኋላ ነው ያስተዋልሁት።

ከቤት የወጣነው ሌሊት ነው፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። እናቴ ጋቢ ደርባ፣ ሹራብ ለብሳ፣ ካልሲ ደራርባ። ሞምባሳ ከአውሮፕላኑ በር ስንወጣ የተቀበለን አየር የሞቀና የረጠበ ነበር፤ እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ «ልጄ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» አለችኝ። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ለኖረ ሰው ወደ ባሕር ጠለል መውረድ ለሳንባ የሚከብድ አይደለም፤ አየሩ እንዲያውም የበለጠ ኦክስጅን አለው። የሚከብደው ሙቀቱና እርጥበቱ ነው፤ ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ ድረስ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጥላ ውስጥ ቆዩ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሙቀት ሊያዞረው ስለሚችል ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ኦ.አር.ኤስ. በውኃ በጥብጡ፤ ጥቂት ፓኬት ከዚሁ ይዛችሁ ብትሄዱ አይከብዳችሁም። እናቴን ከሁሉ የጠቀማት ግን ነጠላዋ ነው። ቀጭን ጥጥ ስለሆነ አየር ያስገባል፤ ከፀሐይም ይከልላል። በገበያ የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ለብሼ የሄድሁት እኔ ግን አንገቴና ክንዴ ተላጠ።

ባሕሩን ያየችበትን ሰዓት ማለፍ አልችልም። የኮኮናት ዛፎቹን አልፈን አሸዋው ላይ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። ማንም አላዘዛትም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አማትባ፣ ውኃው ቁርጭምጭሚቷን እስኪነካት ቆመች። ማዕበሉ ሲመለስ ከእግሯ ሥር ያለው አሸዋ ሲከዳት ደንግጣ ክንዴን ያዘች፤ ወዲያው ሳቀች። ጣቷን ነክራ ቀመሰችና «ይህ ሁሉ ጨው!» አለች። ወንድሜ ፊቱን አዞረ፤ ያለቀሰ መሰለኝ።

አሁን ስለ ባሕሩ ራሱ። ሐይቅና ወንዝ ብቻ የምናውቅ ሰዎች የማናውቀው ነገር ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ መሙላቱና ሁለት ጊዜ መሸሹ ነው። ከሙላት እስከ ጉድለት ከስድስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ስለሚዘገይ «ትናንት በዚህ ሰዓት ደረቅ ነበር» ማለት አይሠራም። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይጨምራል፤ በኬንያ ዳርቻ በሙላትና በጉድለት መካከል ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። ውኃው ሲሸሽ የኮራል ዓለቱ ይገለጣል፤ ሕፃናት ሸርጣን ሊለቅሙ ይገባሉ፤ ጎብኚውም ይከተላል። እኛም ከእነሱ ጋር ገባን።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ከዳርቻው ሆኖ እጁን እያወናጨፈ ሲጮኽ ሰላምታ መስሎን እኛም እጃችንን አነሣን። ዘወር ስንል ሕፃናቱ የሉም። በመጣንበት በኩል የነበረው ደረቅ ጎድጓዳ ስፍራ በውኃ ተሞልቷል። ውኃው የሚመጣው ከፊት ለፊት ብቻ አይደለም፤ ከኋላችሁ ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ ሞልቶ ይከባችኋል። ወንድሜ እናቴን አዝሎ ሲሻገር ውኃው ወገቡ ደርሶ ነበር። በዚያው መሻገሪያ ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያላት ክብ የባሕር ፍጥረት ረግጦ እሾኋ ተረከዙ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ዓሣ አጥማጁ ያልበሰለ ፓፓያ ቆርጦ ወተቱን አንጠባጠበበት፤ የአካባቢው ልማድ ነው። በኋላ ከጤና ባለሙያ እንደተረዳነው የሚያስታግሰው እግርን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከርና እሾሁን በወረንጦ ማውጣት ነው። መገጣጠሚያ አጠገብ ከገባ ወይም ካበጠ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይሻላል። የጎማ ጫማ ሳታደርጉ ውኃ ውስጥ አትግቡ። ከመግባታችሁም በፊት ከጀልባ ሠሪዎቹ አንዱን የውኃውን ሰዓት ጠይቁ፤ ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል፤ በደስታም ይነግሯችኋል። ዋና የማይችል ሰው ከጉልበቱ በላይ አይግባ፤ ሐይቅ ላይ መዋኘት የሚችልም የባሕሩን ጉተታ አያውቀውምና አይተማመን።

ስለ ምግብ ብዙ አልጽፍም። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ሰው ግን የባሕሩ ዳርቻ ከናይሮቢ ይልቅ ይመቻል። የስዋሂሊ ማዕድ ብዙውን የሚሠራው በኮኮናት ወተት ነው። ባቄላ መሰሉ ማሃራጉዌ፣ የርግብ አተሩ ምባዚ፣ ሩዙ ሁሉ በዚሁ ይሠራል፤ ቅቤ የለበትም። እናቴ ምባዚውን «ወጥ ማለት ይህ ነው» ብላ ወደደችው። ባጃጁን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋ ተስማሙ። አሸዋው ላይ የሚቀርቧችሁ ሻጮችና አስጎብኚዎች ደግሞ በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ አይ» ሲባሉ ይተዋሉ፤ ዋጋ ከጠየቃችሁ በኋላ ግን አብረዋችሁ ይውላሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቫስኮ ዳ ጋማ ሐውልት ሄድን። ጫፉ ላይ መስቀል ያለው ነጭ ዓምድ ነው፤ ከባሕሩ በላይ ባለ ዓለት ላይ ቆሟል። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ እ.ኤ.አ. በ1498 ማሊንዲ ደርሶ፣ ከንጉሡ መንገድ መሪ ተሰጥቶት ወደ ሕንድ የተሻገረው ከዚህ ነው። በግራኝ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1541 ምጽዋ ወርዶ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ለእርዳታ የመጣው ክሪስቶፎር ዳ ጋማ የዚሁ ሰው ልጅ መሆኑን ለእናቴ ስነግራት ዓምዱን በአዲስ ዓይን አየችው፤ «አባቱ እዚህ ነበር?» አለችና ረጅም ሰዓት ዝም ብላ ተቀመጠች። ከደብረ ብርሃን ለሄደ ሰው ይህ ቦታ ከአሸዋው እኩል ዋጋ አለው ባይ ነኝ።

ጀምበር ስትጠልቅ ከተማው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ቀኑን ያቃጠለው ሙቀት ይበርድና ከባሕሩ ነፋሻ አየር ይመጣል፤ በረንዳ ላይ መቀመጥ የማይጓጓ የለም። እኛም በየምሽቱ እዚያ ነበርን፤ እናቴ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ፣ እግሯን ዘርግታ። የወባ ትንኝ ሥራዋን የምትጀምረው በዚያ ሰዓት ነው። የምትነክሰውም ብዙ ጊዜ ቁርጭምጭሚትን ነው፤ ድምፅም አይሰማባትም ማለት ይቻላል። ማደሪያችን አልጋው ላይ አጎበር ነበረው፤ ቀን ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። እናቴ ግን በመጀመሪያው ሌሊት ገባችበትና «መግነዝ ውስጥ እንደ መተኛት ነው» ብላ ወጣች። ነፋሱ እንዲገባላት መስኮቱን ከፍተን፣ ማራገቢያውን አብርተን ተኛን። የእኔን አጎበር በኋላ በብርሃን ሳየው ከግርጌው አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው።

ለአጎበሩ ነገር መፍትሔ አለው። ማራገቢያው ከአጎበሩ ውጭ ሆኖ ወደ ውስጥ እንዲነፍስ አድርጉት፤ ሙቀቱም ይቀንሳል፤ ትንኝም ነፋስ አትወድም። ጫፉን ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቁ። ቀዳዳ ካለው በመርፌ ክር ቋጥሩት፤ ያም ባይሆን በማጣበቂያ ፕላስተር ድፈኑት። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ረጅም ቀሚስ ወይም ሱሪ፣ ካልሲም ጭምር ልበሱ። የትንኝ መከላከያ ቅባት ቁርጭምጭሚት ላይ አትርሱ።

ወደ ቤት የተመለስነው የካቲት እንደገባ ነው። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ስለ ባሕሩ አወራች፤ ዐቢይ ጾምም ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ራሷን አመማት፣ ወገቧን ቆረጠማት፣ ብርድ ብርድ አላት። በየካቲት ነፋስ ደብረ ብርሃን ላይ የማይበርደው ማን አለ? አንዱ «ከሙቀት ወጥታ ብርድ መታት» አለ፤ ሌላው «ጾሙ ነው ያደከማት» አለ፤ አክስቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አፍንጫዋ ላይ አደረገችላት፣ በቡናም አጠጣቻት። ሁሉም በፍቅር ነው የተደረገው። ትኩሳቱ በላብ ወርዶ በማግሥቱ ተነሥታ እንጀራ ስትጋግር አገኘኋት፤ «አይዞህ፣ አለፈልኝ» አለችኝ። ወባ እንዲህ ነው፤ ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል። የተሻላት የመሰለን ያ ቀን ብዙ አዘናጋን።

እንደገና ሲያንቀጠቅጣት ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኋት። ደም ተቀዳ፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጠን። ከዚህ በፊት ከቤታችን ሰው ታሞ ይህ ያልተባለ ስለሌለ አልገረመንም። የተጠቀሙበት ምርመራ ግን ቀድሞ የታመመን ወይም በሌላ ሕመም የተያዘን ሰው ሁሉ «አለብህ» ሊል የሚችል፣ ብቻውን የማያስተማምን መሆኑን ኋላ ላይ ከሐኪም ሰማሁ። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ መካከል «በቅርቡ ከከተማ ወጥታችሁ ነበር?» የሚል አልነበረም። ከ2,500 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ወባ ስለማይተላለፍ ማንም አይጠረጥርም። እኛም ባሕሩን ለሰፈሩ ሁሉ ስናወራ ከርመን ለሕክምና ባለሙያው አላነሣንለትም፤ የሚያስፈልገው አልመሰለንም ነበር።

መድኃኒቱን ስትወስድ ሰነበተች፤ ትኩሳቱ ግን ብሶ መጣ። አንድ ምሽት ጎረቤታችን፣ ሁላችን ልጆች «እትዬ» የምንላቸው እናት ሊጠይቋት መጡ። በልጅነታቸው በሸዋ ሮቢት በኩል ባለው በቆላማው ቀወት የኖሩ ናቸው። እናቴ ሦስት ብርድ ልብስ ተደርቦባት ጥርሷ ሲንገጫገጭ አዩና ቁጭ እንኳ ሳይሉ «ቆላ ወርዳችሁ ነበር?» አሉኝ። «ኬንያ፣ ባሕር ዳርቻ» አልኋቸው። «ቆላ አይደለም እንዴ እሱስ! ይህ ንዳድ ነው። አባቴ ሸዋ ሮቢት አርሶ ማታ ማታ ደጋ የሚወጣው ይህን ፈርቶ ነው። ዛሬውኑ ደሟ ይታይ፤ ነገ አትበል» አሉ። እናቴን ዓይኗን ገልጠው አዩት፤ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ሽንቷ እንደ ጥቁር ሻይ መምሰሉን እህቴ የነገረችን ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እናቴ ወንድሜን እየጠራች፣ ውኃው መጣ፣ ውኃው መጣ ትል ጀመር።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስንገባ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ከሦስት ሳምንት በፊት ወባ ካለበት የባሕር ዳርቻ ነበረች» የሚል ነው። ሁሉ ነገር ተለወጠ። ተረኛዋ ሐኪም ብዕሯን አስቀምጣ ቀና አለች። ደም ወዲያው ተቀድቶ ስላይድ ላይ ተቀባ፤ ብዙም ሳይቆይ የላቦራቶሪ ባለሙያው ራሱ መጥቶ ፋልሲፓረም መሆኑን ነገረን። ከወባ ዓይነቶች ገዳዩ ይህ ነው። ራሷን እስክትስት ስለደረሰች አርቴሱኔት የሚባል መርፌ ተጀመረላት፤ ሲገባ አንድ፣ በ12 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት፣ ከዚያ መዋጥ እስክትችል በየቀኑ። የስኳር መጠኗን ደጋግመው ይለኩ ነበር፤ ከባድ ወባ ስኳርን በድንገት ያወርዳል።

ሐኪሟ ያስረዳችኝን እናንተም ያዙት። ማሊንዲ ተወልዶ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በወባ እየታመመ የተወሰነ የመቋቋም አቅም ያዳብራል። የደጋ ሰው ይህ የለውም፤ ስለዚህ አንድ ንክሻ ለእኛ ለከባድ ሕመም ይበቃል። ፋልሲፓረም ከንክሻው በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ተደብቆ ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ ይገለጣል፤ እስከ ሦስት ወር የሚቆይበትም አለ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ምንም ባያሳይ እንኳ ትኩሳቱ ከቀጠለ በ12 እና በ24 ሰዓት መደገም አለበት። ታማሚው ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ከሆነ ደግሞ እስከ ነገ ማለት የለም።

እናቴ ንግግሯ ተስተካክሎ ዓይኗን ስትገልጥ የጠየቀችው ስለ ጾሙ ነው። መርፌው አብቅቶ ለሦስት ቀን የሚዋጠው ኳርተም ሲታዘዝላት «ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ ያለዚያ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም» ተባለ። እናቴ ወተት አልቀምስም አለች። የንስሐ አባቷ መጡ፤ አልጋዋ አጠገብ ቆመው «ልጄ፣ ጾም ለጤነኛ ነው የታዘዘው። እንደታዘዝሽው ውሰጂ» አሏት። እሺ ብትልም ወተቱን ስታይ ፊቷ ይለወጥ ነበርና ነርሷ አንድ ዘዴ አመጣች፤ ቅባቱ የግድ ከወተት መሆን የለበትም። ዘይት የበዛበት ሽሮና አቮካዶ እየበላች፣ ስድስቱንም ጊዜ ሰዓቱን ጠብቃ ዋጠች። የኳርተም ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ ነው፤ የቀሩት በጠዋትና በማታ ናቸው። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ስለወረደ የሚያቋርጡት ብዙ ናቸው፤ አታቋርጡ። በጾም ወቅት ይህ ቢያጋጥማችሁ ሐኪሙንም የንስሐ አባታችሁንም በአንድ ቀን አነጋግሩ።

አቅሟ እስኪመለስ ሳምንታት ወሰደ፤ ደሟ አንሶ ስለነበር ተመላልሳ ተመረመረች። ዛሬ ደህና ናት፤ ቅዳሴም ገበያም በእግሯ ትሄዳለች።

ለመሄድ ያሰባችሁ ሰዎች፣ የወባ መከላከያ ኪኒን ጉዳይ ከመነሣታችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሐኪም ጠይቁ። ዶክሲሳይክሊን በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይጀመራል፤ ከተመለሱም በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል። ከምግብ በኋላ በብዙ ውኃ ይወሰዳል። ቆዳን ለፀሐይ ስሱ ስለሚያደርግ ባሕር ዳርቻ ላይ መሸፋፈን ያስፈልጋል፤ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል የሚባለው ደግሞ ከተመለሱ ከሰባት ቀን በኋላ ይቆማል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪም ነው። ኪኒኑን የወሰደ ሰውም ቢሆን ትኩሳት ከያዘው ይመርመር፤ መቶ በመቶ የሚከላከል የለም።

ይህ ሁሉ ባሕር ማዶ ለሚሄድ ብቻ አይደለም። ማሾ ሊገዛ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ወርዶ የሚያድር፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ለሠርግ የሚወርድ፣ ለአጨዳ መተማና ሁመራ የሚሄድ ጎረምሳ ሁሉ ያው ነው። ከዚያ ተመልሶ ትኩሳት ከያዘው ለሐኪሙ ስሙንና ዕድሜውን እንደተናገረ የት እንደነበረና መቼ እንደተመለሰ ይናገር፤ ባይጠየቅም ይናገር። እኛ አሁን ቤታችን ውስጥ ማንም ቆላ ወርዶ ሲመለስ የተመለሰበትን ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ እንጽፋለን። ታማሚው ራሱን ቢስት እንኳ አስታማሚው አይቶ ይናገራል።

እህቴ በመጪው ጥር ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር ማሊንዲ ለመሄድ ተነሥታለች። ሐኪም ዘንድ ቀርባ ለትልልቆቹም ለልጆቹም የሚሆነውን ኪኒን አጻፈች። በኬሚካል የተነከረ ሁለት አጎበር ገዝታለች፤ የመግቢያ ደንቡ ስለሚለዋወጥ ኤምባሲውንም ደውላ ጠይቃለች። ልጆቹን ባሕሩ ዳር ስታወርድ የውኃውን ሰዓት ማንን እንደምትጠይቅ ወንድሜ ነግሯታል፤ ያው ዓሣ አጥማጅ ነው።